ማንም የሌለበት ሜዳ
ሃፊዛ አንድ ዓይኗን ጨፍና እርሳሷን ወደ ኮረብታው እንደቀሰረች ሦስት ሰዎች ከኋላዋ መጥተው ቆሙ። ኮቴያቸውን አልሰማችም። የሰማችው የጠመንጃ ማንገቻ ቅጭል ሲል ነው።

«ምንድን ነው የምትለኪው?» አሏት ከመካከላቸው ሽማግሌው፣ በአማርኛ።

«እየለካሁ አይደለም አባባ። ሥዕል ነው የምስለው።»

«በእርሳስ ስትለኪ አይተንሻል። ከጠዋት ጀምሮ።»

እውነታቸውን ነው፤ ሰዓሊ ርቀትን በእርሳስ ይለካል። ይህን ደግሞ ቦረና ሜዳ ላይ ለተቆጡ ሰዎች ምን ብለው ያስረዱታል? ሃፊዛ ወደ መንገዱ ዞር ብላ አየች። ሾፌሯ ኢብራር የተነፈሰውን ጎማ በሰው ሞተር ጭኖ ጎሚስታ ፍለጋ እንደሄደ ቀርቷል። ስልኳ ኔትወርክ የለውም። መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጋዳ ቆማለች። የማታውቀውን የከብት አገር ልሳል ብላ ከኮልፌ እዚህ ድረስ መምጣቷን ረገመች። ቤት ቁጭ ብሎ ከፎቶ መሳል ምን ነበረበት?

ጠመንጃ ያነገተው ጎልማሳ ሥዕሉን ከጉልበቷ ላይ መንጭቆ ለሽማግሌው ሰጣቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞሩት። ኮረብታው አለ። ግራሩ አለ፤ የውሃው ጉድጓድ፣ የበረቱ የእሾህ አጥር ሳይቀር አለ።

«ከብቶቼስ?» አሉ።

ሃፊዛ ቀና አለች። ከብቱ ሜዳውን ሞልቶታል። ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊቷ ሲግጥ ነበር፤ እሷ ግን በከብቱ መሃል አሾልካ ሣሩን ስትስል ነው ያረፈደችው።

«እኛስ?»

አባቷ ሀጂ ሰይፈዲን «እስላለሁ ካልሽ ዛፍና ተራራ ሳዪ፤ ነፍስ ያለው ነገር ግን አደራ» ብለው ነው የመጀመሪያ ቀለሟን የገዙላት። አደራቸውን በልታ አታውቅም። እጇም ሰውና እንስሳ አልፎ መሄድ ለምዷል።

«ነፍስ ያለው አልስልም» አለች በቀጭን ድምፅ። «አባቴ አይወዱም።»

ጠመንጃ ያነገተው በኦሮምኛ ጮኾ ተናገረ። ከኮልፌ ጎረቤቶቿ የቃረመቻት ጥቂት ኦሮምኛ አንዷን ቃል ለመያዝ በቃቻት፤ «ላፋ» ነው የሚለው፤ መሬት። ደጋገመው።

ሽማግሌው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ባለፈው መሬት ሊለኩ የመጡትም እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው ነበር። ሜዳው አለ፣ ጉድጓዱ አለ፣ እኛ የለንም። ‹ባዶ መሬት ነው፣ ማን አለበት?› አሉን።»

ጣታቸው የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሃፊዛ ይሄኔ ነው የገባት፤ ሰውየው ፈርተዋል። እሷን፣ ጎማ ተንፍሶባት መሬት ላይ የተቀመጠችውን ሴት፣ ፈርተዋል።

ይህን ፍርሃት ታውቀዋለች። የሰፈራቸው አዲስ ፕላን ኮልፌ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት፣ አባቷ መነፅራቸውን አድርገው ሱቃቸውን በጣታቸው ሲፈልጉ አይታለች። በሱቃቸው ቦታ የሚያምር አረንጓዴ ሣር ተስሎበት ነበር።

«አባባ፣ ይስጡኝ እስቲ» አለች።

ሽማግሌው አመነቱ፤ ከዚያ ወረቀቱን ሰጧት።

«እዚያ በረቱ ጋ ይቁሙልኝ።»

ጠመንጃ ያነገተው ንቅንቅ አላለም፤ ትንፋሹ ማጅራቷ ላይ ይሰማታል። እርሳሷን አንስታ መልሳ አወረደችው። የፈራችው ጠመንጃውን ይሁን አባቷን እሷም አታውቅም። ሽማግሌው ሄደው ከአጥሩ ፊት ቆሙ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው አንገታቸውን አቀኑ።

«ቢስሚላህ» ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ከባዶው ሣር መሃል፣ መጀመሪያ የሽማግሌውን ዓይን ሳለች።