ያንቀላፋው ጫፍ

ሰመመን ሰጪዋ የአየር ፊኛውን በእጇ ቀስ አድርጋ ጨመቀችው፤ ከመጋረጃው ማዶ፣ በተከፈተው ደረት ውስጥ፣ የታካሚው ሳንባ አብሮ ተነፋ። የታችኛው ጫፉ ብቻ እንደ ጉበት ጠቁሮ፣ እንደተኮማተረ ቀረ። እንደዚያው ተጨፍኖ ከከረመ የሳንባ ምች እንደሚያመጣ ታውቃለች። ሰውየው ደግሞ የታክሲ ረዳት ነው። ከመተኛቱ በፊት፣ "ነፍሴን ፈጣሪ ይጠብቃታል፤ ትንፋሼን ግን አደራ፣ እህቴ። ጮኼ ነው የምበላው" ብሏት ነበር።

"ኧረ አየሩን ቀንሺው፣ ሳንባው ሥራዬ ላይ እየመጣብኝ ነው" አላት ቀዶ ሐኪሙ፣ እንደ ልማዱ።

"እስቲ አንዴ እጅዎን አንስተው ይዩት፣ ዶክተር።"

ግፊቱን በጥቂቱ ከፍ አድርጋ ያዘችው፤ አልለቀቀችም። ጥቁሩ ጫፍ መጀመሪያ ከዳር በኩል ነጥብ ነጥብ እያለ ቀላ፤ ከዚያ ነጥቦቹ ተገናኙና ሮዝ ሆኖ ተዘረጋ። ሐኪሙ መቀሱን እንደያዘ አንገቱን አስግጎ ቀረ።

"ወይ ጉድ! ጨምሪ! ጨምሪ እንጂ!"

"ከዚህ ካለፈ ይጎዳዋል" አለች፤ ጫፉ ተመልሶ እንዳይጨፈን ጥቂት ግፊት አስቀርታ ፊኛውን አላላችው። "የቀረውን ሲነቃ ራሱ ጮኾ ይከፍተዋል።"