የአንድ ጥይት መነጽር

«ውዱ ይሄ ነው?» አለ አንድ ጥይት የሚሉት ሽማግሌ አዳኝ፣ መነጽሩን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ።

«አዎ፣ አባቴ። ጠመንጃ ላይ የሚገጠም ነው» አለች ባለሱቋ። «ቀስ ብለው ይያዙት።»

ቀስ ብለው! አርባ ዓመት ጠመንጃ ሲያነግት የኖረን ሰው፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች ልጅ ቀስ በል ትለዋለች። አዳኙ ሁሉ አንድ ጥይት ብሎ የሚጠራው፣ ለአንድ አውሬ ሁለተኛ ጥይት ፈልጎ ስለማያውቅ ነው። አያውቅም ነበር ማለት ይሻላል፤ አምና ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሦስቴም ስቷል። በማኅበራቸው ደንብ መሠረት ደግሞ ዘንድሮ አንዴ ከሳተ ጠመንጃውን ያስቀምጥና ከአባራሪዎቹ ጋር ይሰለፋል። የአባራሪ ሥራው ጥቅጥቅ ያለው የመቃ ጥሻ ውስጥ ገብቶ ቆርቆሮ እየደበደበ ከርከሮውን ወደ ተኳሾቹ መንዳት ነው። አንድ ጥይት አባራሪን ከሰው አይቆጥርም። አደኑ ቅዳሜ ነው።

የሴት ልጁ ባል አባራሪ ነው። መድኃኒት ቤት አለው፤ ቀኑን ሙሉ የሳል ሽሮፕ ሲያቀብል ስለሚውል እጁ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል። ጥይት ሲጮህ ጆሮውን ይይዛል። ደም ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እንግዲህ ይሄ ጉድ ነው ዛሬ «አባባ፣ መነጽር ልግዛልዎ» ብሎ እየጎተተ ያመጣው። አንድ ጥይትም እሺ ያለው መነጽሩን ፈልጎ ሳይሆን ስቆበት ለመመለስ ነው።

«በዚህ ዋጋ እኮ የምትታለብ ላም ይገዛል» አለ።

«ላም ከርከሮ አታሳይም፣ አባባ» አለ የልጁ ባል ፈገግ ብሎ። አንድ ጥይት ይህን ፈገግታ አይወደውም። ቢሰድቡትም ያው ነው፣ ቢያመሰግኑትም ያው ነው።

ባለሱቋ ሁለት መነጽሮች ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻቸው። ከመንገዱ ማዶ አንድ አናጺ ጣራ ላይ ተቀምጦ ይሠራል። «ርካሹንና ውዱን እያቀያየሩ ሰውየውን ይዩት» አለች።

አንድ ጥይት እንደ ልማዱ ግራ ዐይኑን ጨፍኖ ርካሹን በቀኙ አየ። ጭጋግ። ውዱን አየ። ጭጋግ። ደስ አለው።

«አላልኩም? ሁለቱም ጭጋግ ነው። የውዱ ጭጋግ ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ዋጋው ለዚህ ይሆናል።»

ባለሱቋ መስተዋቱን ወለወለች፣ ቀለበቱን አዞረች፣ ራሷም አየችበት። «ሰውየው አፉ ውስጥ ምስማር ይዟል» አለች። የልጁ ባል ተቀበላት። «ሦስት ናቸው» አለ። ተመሳጥረዋል እንዴ እነዚህ ሰዎች?

«እስቲ በግራ ዐይንዎ ይሞክሩት፣ አባቴ።»

«የግራ ዐይኔ ሥራ መጨፈን ነው።»

«ለእኔ ብለው።»

ይህቺን ልጅ አፍ ለማስያዝ ብሎ መነጽሩን ወደ ግራ ዐይኑ አዞረው። አናጺው ከጣራው ወርዶ እጁ ላይ የተቀመጠ መሰለው። ያልተላጨ አገጩ ታየ፣ በከንፈሮቹ መሃል ሦስት ምስማሮች ታዩ፣ ኮሌታው የተሰፋበት ሰማያዊ ክር እንኳ ታየ። ርካሹን በዚያው ዐይኑ ሞከረ፤ ምስማሮቹ ተጣብቀው አንድ ሆኑ። ልዩነቱ እውነት ነበር። ዋጋውም ሌብነት አልነበረም።

ቀኝ ዐይኑን አሸት አደረገው። አቧራ ይሆናል። እንቅልፍም ሊሆን ይችላል። ደረቱ ውስጥ የገባውን ፍርሃት ግን የሚያስወጣበት ሌላ መንገድ አጣና በልጁ ባል ላይ ዞረበት።

«ደህና ነው እንበል። አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ? ቆርቆሮ ደብዳቢ ስለ መነጽር ምን አገባው? ሄደህ ለልጄ ጫማ ግዛላት!»

የልጁ ባል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። ባለሱቋ ርካሹን ልትመልስ ወደ ውስጥ እስክትገባ ጠበቀ።

«አምና ሦስተኛውን ጥይት የተኮሱት ወደ መቃው ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አልረሳሁትም። ከርከሮው ላይ አነጣጥሬ ቃታውን ልስብ ስል አይደል እንዴ አንተ በሳልህ እጄን ያስደነገጥከኝ!»

«ከርከሮ አልነበረም፣ አባባ። እኔ ነበርኩ። የሳልኩትም ሰው መሆኔን እንዲያውቁ ብዬ ነው።»

አንድ ጥይት በእጁ የያዘውን መነጽር ቁልቁል አየው።

«ለማንም አልተናገርኩም፤ ለልጅዎም ቢሆን» አለ የልጁ ባል። «ቅዳሜም የምገባው እዚያው መቃ ውስጥ ነው። ጥሩ መነጽር ካለዎት ይለዩኛል ብዬ ነው።»

አንድ ጥይት ቀስ ብሎ ግራ ዐይኑን በመዳፉ ሸፈነ። ሁለት እርምጃ እንኳ የማይርቀው የልጁ ባል ፊት አልነበረውም። ዐይን የለው፣ አፍ የለው፤ አንድ ትከሻው ዘመም ያለ ጥቁር ነገር ብቻ በሩ ላይ ቆሟል።

«ልጠቅልልዎ፣ አባቴ?» አለች ባለሱቋ ከውስጥ።

«ተይው፣ ልጄ። ቅዳሜ የምይዘው ቆርቆሮ ነው» አለ።

መዳፉን ግን ከዐይኑ አላነሳም። ያንን ፊት የሌለው ሰው ትክ ብሎ ያየዋል።