አምስተኛው ኤዲተር

እሳቷ ቁጭ ማለት አይሆንላትም። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ከቤተሰቧ በቀር የለም። ስታስብ ትራመዳለች፣ ስትናደድ ትራመዳለች፣ ሰሞኑን ደግሞ ሁለቱም ተደራርበውባታል።

ድርጅቱ የውሃ ፓምፖች የሚታዘዙበት የራሱ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ አለው። በዚህ ቋንቋ ኮድ የሚጻፍባቸው ኤዲተሮች አምስት ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም ስህተት የሚጠቁም፣ የተጀመረ ቃል የሚያሟላ አጋዥ ፕሮግራም ለየብቻ ተሠርቶላቸዋል። ቋንቋው ላይ አንዲት ነገር በተለወጠች ቁጥር አምስቱም አጋዦች ይታመማሉ። አንዱን ሲያድኑት ሌላው ይወድቃል። እሷ የምትመራው ቡድን ልጆች ከዚህ ሩጫ ሌላ ሥራ ከሠሩ ቆዩ።

ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ ቁርጡን ነግሯታል። እስከ ዓርብ ዘላቂ መንገድ ካልመረጡ ቋንቋው ይዘጋል፣ ቡድኑም ይበተናል።

መንገዱን አግኝታዋለች። አንድ የጋራ አጋዥ ይሠራል፤ ኤዲተሮቹ ሁሉ እሱን ይጠይቃሉ፣ እሱ ለሁሉም ይመልሳል። ቋንቋው ሲለወጥ የሚታደሰው እሱ ብቻ ይሆናል። አራቱ ኤዲተሮች ከእንዲህ ያለ አጋዥ ጋር መነጋገር ይችላሉ። አምስተኛው አይችልም። ቀለም የለው፣ ሥዕል የለው፣ ደረቅ ጽሑፍ ብቻ የሚያወጣ ሽማግሌ ነው። ደንበኞች ከተዉት ቆይተዋል፤ አሁን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሠራበት።

ያ ሰው ጋሼ ናቸው።

ቋንቋውን ከፈጠሩት ውስጥ ድርጅቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ይገባሉ፣ ማታ ከሁሉም ኋላ ይወጣሉ። በኮሪደሩ ሲያልፉ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳበሱ ነው፤ እሳቷ ይህን ስታይ፣ ሕንፃውን የገነቡት እሳቸው ይመስል፣ እያለች ትበግናለች። ጠረጴዛቸው ጥግ ላይ ነው፣ የስክሪናቸው ጀርባ ወደ ሰው። አምና የቢሮው ስክሪኖች ሲቀየሩ እንኳ ቴክኒሻኑን አላስጠጉትም፤ እዚያው አስቀምጠው፣ እኔው እገጥመዋለሁ ብለው መለሱት። ማዳመጫው ቀኑን ሙሉ ከጆሯቸው አይወርድም።

ማክሰኞ ዕለት ወረቀቷን ይዛ ወደ ጥጉ ገሰገሰች።

«ጫማሽ ዛሬም ተቆጥቷል» አሏት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

ጠረጴዛውን ዞራ ስትደርስ ስክሪኑ ጨልሟል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ሰው ሲመጣ ያጠፉታል! ማዳመጫውን አውርደው ጠረጴዛው ላይ ሲያኖሩት ከውስጡ የሆነ ድምፅ ይንጣጣል፤ ከፍጥነቱ የተነሳ አንድ ቃል አይለይም። ማን ነው በሥራ ሰዓት እንዲህ የሚያጣድፋቸው? ለሌላ ድርጅት እየሠሩ ቢሆንስ? ሐሳቡ አንዴ ገባና አልወጣ አላት።

ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መልሰው ገፉላት።

«አንብቢልኝ። ከአንቺ አፍ ስሰማው ይሻለኛል።»

ንቀት ነው አለች በልቧ፤ እየተቃጠለች አነበበችላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟት። መንገዱ ትክክል እንደሆነ፣ እሳቸውም ቢሆኑ ይህንኑ እንደሚመርጡ ነገሯት። አንድ ነገር ብቻ ከበዳቸው። አዲሶቹ ኤዲተሮች ስህተት ሲያገኙ ከሥሩ ቀይ መስመር ያሰምሩበታል፤ የእሳቸው ግን «መስመር አርባ ላይ ቅንፍ ጎድሏል» ብሎ በቃል ይጽፋል። ስህተት በቃል ቢነገር ይሻላል አሉ። አሮጌውን ከጋራው አጋዥ ጋር የምታገናኝ አንዲት ትንሽ ድልድይ ብትሠሩለትስ? ብለውም ጠየቁ።

«ድልድዩን ነገ ማን ይጠግነዋል፣ ጋሼ? ለአንድ ሰው ምርጫ ብዬ ቡድኑን ላስበትን?»

ጋሼ ማዳመጫቸውን በእጃቸው ፈልገው ጆሯቸው ላይ አጠለቁ።

ማታ ለታላቅ እህቷ ሳሎኑን እየተመላለሰችበት ሁሉንም ዘረገፈችላት። ካልበላሁት ጭሬ ላፍሰው እንዳለችው ዶሮ ናቸው፣ ወንበራቸውን ነው የሚጠብቁት፣ የሚደብቁትም ነገር አለ አለቻት። ልብስ የምትተኩሰው እህቷ ካውያውን አቆመች።

«ምንጣፉን ከምትጨርሺው ለምን ራሳቸውን አትጠይቂያቸውም?»

ስክሪኑን ፊቷ ላይ የሚያጠፋን ሰው ምን ብላ ትጠይቅ!

ዓርብ ስብሰባው ላይ ወንበር ቢሰጧትም ቆማ ተናገረች። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ እኛ አምስት ላይ ተንጠልጥለናል» ስትል ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሳቀ። አምስተኛው ኤዲተር እንደሚቀርም ሳትሸፋፍን ተናገረች። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። የቡድኑ ልጆች እጅ ባንዴ ወጣ።

«ስንት ሆነ?» አሉ ጋሼ።

ከእሳቸው በቀር ሁሉም እንዳወጣ ተነገራቸው።

«እንግዲያው የኔም ይጨመር» ብለው እጃቸውን አነሱ።

እሳቷ ለክርክር አዘጋጅታው የመጣችውን ወረቀት አጠፈችው። ቡድኑ ተረፈ፣ ልጆቹ ተቃቀፉ፣ እሷ ግን ደስታው አልመጣላት አለ። ሲበተኑ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። የእሳቸው አጋዥ መቼ እንደሚዘጋ ጠየቋት።

«ዛሬ ከሰዓት በኋላ» አለቻቸው።

«ይሁን። ልጆቹ እንጀራቸው እንዳይቋረጥ ካደረግሽ በቂ ነው።»

ያን ቀን ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም ቀድመው ወጡ። ማዳመጫቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ በኮሪደሩ ሄዱ።

እሳቷ ከዓይኗ እስኪሰወሩ ጠበቀችና ወደ ጥጉ ሮጠች። አጋዡን የምትዘጋው ከእሳቸው ኮምፒውተር ነው፤ ለዓመታት የደበቁትንም ነገር ዛሬ ታየዋለች። ወንበራቸው ላይ ተቀመጠች። ኮምፒውተሩ አልጠፋም፣ ከጠረጴዛው ሥር ያጉረመርማል። ስክሪኑ እንደ ልማዱ ጨልሟል። ማብሪያውን ተጫነችው። አልበራም። ደግማ ተጫነችው፣ ያዝ አድርጋ ቆየች። አሁንም ጨለማ። ይሄም ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ጎንበስ አለችና ከጠረጴዛው ሥር ገመዱን ፈለገች።

የስክሪኑ ገመድ ከፋብሪካ እንደመጣ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይቀደድ፣ ወለሉ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ማዳመጫው ውስጥ የሚንጣጣው ያ ድምፅ ለካ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ሲያነብላቸው ነበር።