የመምህር ቻሮን ፍቺዎች

መምህር ቻሮን ሦስቱን የፊደል ጠጠሮች ሰሌዳው ላይ ደርድረው የጨዋታውን ሰዓት ተጫኑ። ጄ፣ ዩ፣ ቪ። ጁቭ።

ላምዱዋን መጀመሪያ ፊደሎቹን አየች፤ ቀጥላ እሳቸውን አየች። ይህ የእንግሊዝኛ ቃል የመሥራት ጨዋታ በዚህ ካለቀ፣ ለባንኮኩ ውድድር ለሃት ያይ ከተማ የተፈቀደችውን አንዲት ወንበር ለዘጠነኛ ዓመት የሚወስዷት እሳቸው ናቸው። እሷ ደግሞ ነገ ወደ ዓሣ ድቡልቡል ሾርባ ሽያጯ ትመለሳለች። በእጇ የቀሩት ሦስት ፊደሎች የሚገቡበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ጁቭም ሄዳ የተቀመጠችው እዚያው ላይ ነው።

ቃሏን አታውቃትም። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ላምዱዋን በእንግሊዝኛ «ውሃ ጠማኝ» ማለት እንኳ አትችልም፤ ባለ ሦስት ፊደል ቃላቱን ግን ከኤ እስከ ዜድ አንድ ሳታስቀር በቃሏ ይዛለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓሣ እየወቀጠች፣ እያድቦለቦለች ስታነበንባቸው ኖራለች። ጁድ፣ ጁግ፣ ጁን፣ ጁስ፣ ጁት ትልና ወደ ኬ ትሻገራለች። ጁቭ የምትባል በዚያ መንገድ አልፋ አታውቅም።

ችግሩ የደረደሯት መምህር ቻሮን መሆናቸው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል፤ ይህንንም ጨዋታ ሾርባ ሊበሉ እየመጡ ለእሷ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። የከተማው ተጫዋች ሁሉ እንደ እሷ ፊደሉን እንጂ ፍቺውን አያውቅም። እሳቸው ግን የትኛዋንም ቃል ቢጠየቁ ሳያመነቱ ይፈታሉ። በመሆኑም ቃላቸውን ተቃውሞ የሚያውቅ የለም፤ በሰው ፊት መምህርን «ተሳስተዋል» ማለት ነውር ነው። ዝም ካለች ትሸነፋለች። ተቃውማ ከተሳሳተችም ትሸነፋለች፤ ያን ጊዜ ግን የገበያው መሳቂያ ትሆናለች።

«ምነው ላምዱዋን፣ ጨነቀሽ?» አሉ መምህር ዘና ብለው። «ጁቭ የዓሣ ቅርጫት ናት። ድሮ የእንግሊዝ አጥማጆች ወገባቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት። ክዳንም አላት።»

ክዳኗ ላይ ሲደርሱ ላምዱዋን ነቃች። ከሃያ ዓመት በላይ በየማለዳው ዓሣ ገዝታለች። ትኩስ ዓሣ ያለው ነጋዴ ዋጋውን ነግሮሽ ዝም ይላል። ሳትጠይቂው የጀልባውን ስምና የአጥማጁን አያት ማውራት ከጀመረ ግን የዓሣውን ስንጥብ ገልጠሽ ማሽተት ነው። መምህር ደግሞ ሰሌዳ ፊት ትንፍሽ የሚሉ ሰው አልነበሩም፤ ፍቺ የሚናገሩት ከጨዋታው በኋላ፣ ሾርባው ሲቀርብ ነው።

እጇን አነሳች። «እቃወማለሁ።»

በአጠገባቸው ጠረጴዛዎች የሚጫወቱት ሁሉ ዞረው አዩዋቸው።

«ምን አልሽ?»

«እቃወማለሁ መምህር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህቺ ቃል የለችም።»

«ለመሆኑ የአንዲቱን ቃል ፍቺ እንኳ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። የሌለችዋን ግን አውቃታለሁ።»

እንደ ደንቡ ሁለቱም ተነስተው ጥግ ወዳለው የዳኝነት ኮምፒውተር ሄዱ። ላምዱዋን በአንድ ጣቷ ሦስቱን ፊደሎች ጻፈች። ስክሪኑ ቀይ ሆነ፤ ቃሏ የለችም።

መምህር ጠጠሮቻቸውን ለቅመው አነሱ። ላምዱዋንም በተለቀቀው ቦታ የመጨረሻዎቹን ፊደሎቿን አኖረች፤ ቲ፣ ኢ፣ ኤፍ። በአሥራ ሁለት ነጥብ አሸነፈች። አጎንብሳ የውጤቱን ወረቀት ፈረመች፤ ደስ አላት።

«ጄዋና ቪዋ እጄ ላይ ተጣበቁብኝ» አሉ መምህር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምን ላድርግ?»

«ቅርጫቷስ?»

«ፈጠርኳት።»

«ከሾርባው ጋር የነገሩኝስ? ያ ሁሉ?»

መምህር ጆሯቸውን አሻሹ። «አንዳንዶቹን አውቃለሁ። የቀሩትን ግን... አንቺ እንደዚያ አፍሽን ከፍተሽ ስታዳምጪኝ አላውቅም ማለት አቃተኝ።»

አልተናደደችም ማለት ውሸት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የፍቺ ነገር የማይገባኝ ደንቆሮ ነኝ እያለች በራሷ ስታፍር ኖራለች። ንዴቱ ግን ከሆዷ ተነስቶ አፏ ላይ ሲደርስ ሳቅ ሆኖ ወጣ። መምህርም ትንሽ አመንትተው አብረዋት ሳቁ።

«ይህቺስ?» አለች፣ ሰሌዳው ላይ የራሷን ሦስት ፊደሎች እየነካች። «ቴፍ። ምን ማለት ናት?»

«እውነቱን ልንገርሽ? አላውቅም።»

«እንግዲያው ባንኮክ ላይ ከጠየቁኝ፣ የሚበላ ነገር ነው እላለሁ።»

መምህር መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ቃሏን አስተውለው ተመለከቱ፤ የመምህርነታቸው ነገር መለስ አለባቸው።

«ምግብስ አይመስለኝም» አሉ።

«ነው እንጂ» አለች ላምዱዋን፤ ስሟ ወደተጠራበት መድረክም ከመምህሯ ፊት ፊት ሄደች።