ከመስመሩ በስተቀኝ

ልጅቷን ቤተሰቡ «ቆይ» ነበር የሚላት። ሳህን እጠቢ ስትባል ቆይ፣ ተነሺ ረፈደ ስትባል ቆይ፣ ብላ ብላ ስሟ ሆኖ ቀረ። አባቷ ሲቆጣ «እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» ብላ ትስቅበታለች። እሱ ግን የሳቅ ሰው አልነበረም። መስታወት ቆራጭ ነው፤ ሥራው ፌዝ አይወድም፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ አለቀ።

አንድ ጠዋት መኪናውን አስነሥቶ በር ላይ ሲጠብቃት፣ እንደ ልማዷ ከውስጥ «ቆይ!» አለችው።

«እድሜ ልኬን አንቺን ስጠብቅ ልኖር ነው? በእግርሽ ሂጂ!» ብሎ ጥሏት ሄደ።

ትምህርት ቤቷ አጠገብ መንገድ ስትሻገር የጭነት መኪና ገጭቶ ገደላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያንን ቃል የሚመልስበት መንገድ አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። ባልና ሚስቱ አልተጣሉም፤ ለመጣላትም ጉልበት ይጠይቃል። ይበላል፣ ምን እንደበላ አያውቅም። መስታወቱ ጣቱን ሲቆርጠው ደሙን ካላየ አይታወቀውም። ሚስቱ አንድም ቀን «አንተ ነህ» አላለችውም። እሱ ግን ዝምታዋን እንደዚያ ነበር የሚሰማው።

የልጅቷ አስተማሪ አንድ ከሰዓት ደብተር ይዛ መጣች።

«ተማሪዎቼ ልብ ወለድ እያነበቡ የሚይዙት ማስታወሻ ነው» አለቻቸው። «ገጹ መሃል ለመሃል ይሰመርበታል። በግራ መጽሐፉ ያለውን ይቀዳሉ፣ በቀኝ እነሱ ያሰቡትን ይጽፋሉ። ግራውን ማንም ይገለብጠዋል፤ ዋናው ቀኙ ነው። ከመሳቢያዋ ስናገኘው፣ ለእናንተ ይገባል ብዬ ሳልከፍተው አመጣሁት።»

ሚስትየው ተቀብላ ከደረቷ አስጠጋችው።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጠበቀችው።

«ና ቁጭ በል፣ ላነብልህ ነው።»

መነጽሯን አደረገች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ያለ መነጽር ክር መርፌ ውስጥ አታስገባም። መጽሐፉ ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊና ስለ ሴት ልጁ ነበር።

«ቀዛፊው ለልጁ አንድም ቀን ደግ ቃል ተናግሮ አያውቅም» ስትል ከግራው አነበበች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችና፣ ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረች ዝግ ብላ ቀጠለች። «ቢሆንም እርጥብ ጫማዋን እሳት ዳር የሚያደርቅላት እሱ ነው። ሰው ሁሉ በአፉ አይወድም።»

መስታወት ቆራጩ ምንም አልተሰማውም። ወይም ምን እንደተሰማው አላወቀም።

«ልጃችን ናት እንዲህ ያለችው?»

«ታዲያ ማን ይበል?»

«አነጋገሩ የትልቅ ሰው ነው።»

«ልጄ አይደለች? ከእኔ ወስዳው ነዋ።»

እንዲህ እያሉ በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ ገፉ። ሚስትየው በግራ የቀዛፊውን ክፋት ታነባለች፣ በቀኝ ቆይ ትራራለታለች። ከአባቷ ጋር ስትጨቃጨቅ የኖረችው ቆይ እንዲህ ያለች ርኅሩኅ ነበረች? ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ሚስቱ እየመረጠች ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ጥሩ ጥሩውን አስቀድማ መራራውን ለመጨረሻ አቆይታዋለች። ይህቺ ሴት ቀስ ብላ ልትገድለኝ ነው አለ በሆዱ። ሲያስበው ግን አልፈረደባትም።

«እስቲ አምጪው፣ ራሴ ልየው» አለ አንድ ቀን።

«ቆይ» አለችና ደብተሩን ዘጋችው።

ሁለቱም ደነገጡ። ያ ቃል ከዚያ ጠዋት ወዲህ በቤቱ ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም። እሷ ተነሥታ ምድጃውን ለኮሰች፣ እሱም ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

በማግስቱ ከግራው ይህን አነበበች። «ቀዛፊው ተቆጥቶ ጀልባውን አስነሣ። ልጅቷ ወንዙ ዳር ቀረች።»

መስታወት ቆራጩ እነሆ መጣ አለ በሆዱ። ሚስቱ መነጽሯን አውልቃ ደብተሩ ላይ አቀረቀረች።

«ሰው ሲቸኩል የሚመጣውን አያይም» አለች በመጨረሻ። «ቢያይ ኖሮ እስከ ማታም ይጠብቃት ነበር። እኔ አልቀየምኩትም።»

መስታወት ቆራጩ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ማልቀስ ፈልጎ አቃተው። ውሸት ነው፣ አለ። እንደዚያ አልጻፈችም፤ ሚስቴ ለእኔ አዝና ነው ዘልላ ያነበበችው። ልጄ የጠላችኝ እንደሆነ ከራሷ ጽሕፈት ልስማው፤ ይገባኛል።

በነጋታው ሚስቱ ስፌት ቤት ሳለች፣ ሥራውን ትቶ በቀትር ወደ ቤት መጣ። ደብተሩ ትራሷ ሥር ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቅጠሎቹን እየገለጠ ያን ገጽ ፈለገ። አገኘውም፤ በቆይ ጠማማ ጽሕፈት «ልጅቷ ወንዙ ዳር ቀረች» ይላል። ዓይኑን ከመስመሩ አሻገረ። ቀጣዩን ገለጠ። ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላውን ገለጠ፣ ሁሉንም ገለጠ።

ቀኙ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ ባዶ ነበር።