ተረክቤያለሁ

የማገገሚያ ቤቱ አንድ ደንብ ነበረው። ከሱስ ለመላቀቅ የሚገባ ሰው ሁሉ በጣም የሚሳሳለትን አንድ ነገር ያስረክባል፤ ደረሰኝ ይቀበላል። ዓመት ሙሉ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ ይመለስለታል። መሐል ላይ ጠፍቶ ቢሄድም ዕቃው አይጣልም። ይጠብቀዋል።

ዕቃ ጠባቂው እዚህ ቤት ከተቀጠረ ገና ስድስት ወሩ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት መጋዘን ጠብቋል። መዝገቡን ይወደዋል፦ «ሰዓት፣ የአባቱ፤ ይሠራል፤ ተረክቤያለሁ።» «ማበጠሪያ፣ የቀንድ፤ ሁለት ጥርሱ የለም፤ ተረክቤያለሁ።» እንዲህ ያለ አጭርና ግልጽ ነገር ሲያነብ ደስ ይለዋል።

ቤቱ የቆመው ግን በአማካሪዋ ነው። አይበገሬ ይሏታል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ አራት ሥራ አስኪያጅ ሸኝታለች። ያለ ባል አንድ ልጅ ታሳድጋለች፣ የሰባት ዓመቷን ሚጣን። ልጅቷ ያተኮሳትን ቀን፣ እምቢ ያለችውን ምግብ፣ የወለቀ ጥርሷን ሳይቀር በአንድ ወፍራም ደብተር ትጽፋለች። «እናት ማለት እንዲህ ነው» ይላል ዕቃ ጠባቂው ለሚሰማው ሁሉ።

ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። በግራ እጇ ስለምትጽፍ እጅጌዋ ሁልጊዜ በእርሳስ እንደ ጠቆረ ነው።

«ጋሼ፣ ሰባት ሲደመር ስምንት?»

«በጣትሽ ቁጠሪ።»

«አሥር ብቻ ናቸው እኮ!»

«የጎደለሽን ከእኔ ጣት ሙዪ።»

ሰላሙን ያደፈረሰችው ዝምተኛዋ ናት። ከእሱ ቅጥር ሦስት ወር ቀድማ፣ ለአራተኛ ጊዜ የገባች ታካሚ ናት። መዝገቡ ላይ ከቁጥሯ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። «አሁን የማስረክበው የለኝም» ብላ ነው የገባችው አሉት። ይህን አልወደደውም። መያዣ የሌለውን ሰው ምን ያስረዋል?

ቆይቶ ዓይኗን አየ። ሚጣ በግቢው በር ብቅ ስትል፣ ድንች የምትልጥበት ቢላዋ በግራ እጇ እንዳለ ይቆማል። ልጅቷ እስክታልፍ አይንቀሳቀስም።

አንድ ቀን አንሶላ ሲሰበስብ ከዝምተኛዋ ትራስ ሥር የሚጣን ቢጫ ሪባን አገኘ። ከሪባኑ ጋር አንድ የወተት ጥርስ በወረቀት ተጠቅልሏል። በቀጥታ ወደ አማካሪዋ ሄደ።

«እህቴ፣ ያቺ ሴት ልጅሽ ላይ ዓይኗን ጥላለች።»

«ማየት አይከለከልም።»

«ጥርሷን ይዛ ነው የምትተኛው እኮ!»

«ያንተን እስካልወሰደች ምን ቸገረህ? ለነገሩ የቀረህም ጥቂት ነው።»

«ቀልዱን ተዪው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም?»

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩም ይባላል» አለችና ታካሚዎችን ወደምታስተምርበት ክፍል ገባች።

የምታስተምረውም ግራ ነው። ዝምተኛዋን ለብቻዋ አስቀምጣ «ልጅ ‹ሆዴን› ብላ ስታለቅስ መጀመሪያ ምን ታያለሽ?» ትላታለች። «ስትዋሽስ በምን ታውቂያለሽ?»

«አፍንጫዋን ታሻለች» ትላለች ዝምተኛዋ።

ሚጣ ስትዋሽ አፍንጫዋን ታሻለች። ዕቃ ጠባቂው በበሩ ስንጥቅ ይህን ሰማ። ለሌባ የቤቷን ቁልፍ በእጇ ትሰጣለች!

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ተናገረ። ሥራ አስኪያጁ እሱንና አማካሪዋን አስጠራ።

«ሦስት ጊዜ ገብታ ሦስት ጊዜ ጠፍታለች» አለ። «ጭራሽ ልጅ መከታተል ጀምራለች። ነገ ትውጣ።»

አማካሪዋ የቁልፍ ዘለላዋን ከወገቧ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ብርጭቆው ዘለለ።

«እሷ ከወጣች እኔም ወጥቻለሁ። አራት ጊዜ ቀርቶ አርባ ጊዜ ብትወድቅ አርባ ጊዜ አነሣታለሁ! ሰው እስኪቆም ነው እንጂ እስኪሰለቸን አላልንም።»

«ለልጅሽ እንኳ አታስቢም?» አለ ዕቃ ጠባቂው።

ዞር ብላ አየችው። «ለማን እያሰብኩ መሰለህ?» አለች።

ንዴት ነው ብሎ አለፈው። ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን በጣቱ ገፋ አድርጎ መለሰላት።

ከዚያ በኋላ ዕቃ ጠባቂው ነቅቶ ጠበቀ። ሚጣ ስትገባ በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ዝምተኛዋ ግን በዚህኛው ጊዜ አልጠፋችም። ቀን በቀን ላይ ጨመረች፤ ዓመቷም ሞላ።

በዚያ ጠዋት ሦስቱም ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። አማካሪዋ ዓይኗ ቀልቷል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ሚጣ ከራሷ የሚከብድ ቦርሳ አዝላለች። ዝምተኛዋ እጥፋቱ ላይ የተተረተረ፣ የወየበ ደረሰኝ ዘረጋች። ቁጥር ሠላሳ አንድ ይላል።

ዕቃ ጠባቂው መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አየ። ሠላሳ አለ። ሠላሳ ሁለት አለ። መሐላቸው ባዶ ነው።

«ያስረከብሽው የለም! ይህ የተጭበረበረ ነው!» ብሎ ሚጣን ከኋላው አደረጋት። «አላልኩም? አላልኩም ነበር?»

«ልጅቷን ልቀቃትና መዝገቡን ክፈት» አለች አማካሪዋ።

«እዚህ ባዶ ነው እያልኩሽ!»

«እሱን አይደለም። የመጀመሪያውን።»

መሰላል ላይ ወጣ። የመጀመሪያውን መዝገብ አውርዶ የስድስት ዓመት አቧራውን እፍ ብሎ አራገፈ። ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ እየጎተተ ወረደ። የእጅ ጽሕፈቱ የአማካሪዋ ነበር።

«ቁጥር ሠላሳ አንድ፦ ሴት ልጅ፣ የስምንት ወር፤ ጤነኛ፤ ተረክቤያለሁ።»