ሰፊው ማርሚታ

ባልየው መነጽር ሠሪ ነው። መስታወት ላይ የፀጉር ያህል ጭረት ካየ ጥሎት ሌላ ይጀምራል። መኪና ላይ ግን ገና ጀማሪ ነው።

የውድድር መኪናዋን የሰጠው ታላቅ ወንድሙ ነው። ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ ጥይቱ ይለዋል። ወገቡን ከታመመ ወዲህ እዚያች ዝቅ ያለች ወንበር ውስጥ መግባት አቃተው። የባልየው ሕፃን ልጅ በተወለደች በሳምንቷ መጣና ቁልፉን ታናሽ ወንድሙ እጅ ላይ አስቀመጠ።

«ከስድስት ወር በኋላ ውድድር አለ። አንተ ትነዳታለህ። ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ እንዳታሳፍረኝ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ባልየው። ለወንድሙ እምቢ ብሎ አያውቅም።

ውድድሩ የሚካሄደው በአሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ እዚያ ተገልብጦ በዚያው ቀረ። ሚስትየዋ ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም። ልጅቷ ስትነቃ እናት ቀድማ ነቅታ ትጠብቃታለች።

«ልጄን ያለ አባት ልታስቀራት ነው?» አለችው አንድ ቀን።

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

«ውድድር ላይ ቀስ ብሎ የሚነዳ ማን አለ? ትቀልድብኛለህ?»

ባልየው ስለ መኪናዋ የተጻፈውን መጽሐፍ ገለጥ አድርጎ ማንበብ ቀጠለ።

መጀመሪያ የሞተሩን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ አስገባ። ቀጥሎ ራዲያተሩን በትልቅ ቀየረ። ጋራዥ ውስጥ የሚያግዘው መካኒክ ደስ አለው። «ጀማሪ ሁሉ ጉልበት ጉልበት ነው የሚለው። አንተ ማቀዝቀዣ አልክ። ጎሽ!»

ጥይቱ ግን አልተደሰተም። «መኪና ነው ወይስ ፍሪጅ የምትሠሩት? ጉልበት ጨምሩባት እንጂ!» ብሎ ጭሱን ቶሎ የሚያወጣ ሰፊ ማርሚታ አስመጣ። ከማርሚታው ጋር አንዲት ትንሽ ሳጥን መጣች።

ውድድሩ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ባልየው ወደ ጋራዥ ሄደ። ሚስትየዋም ልጅቷን አዝላ ተከተለችው። ብቻውን ልትለቀው አልቻለችም።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አስረዳቸው። «የዚህች መኪና ሞተር እንደ ሌላው አይደለም። ፒስተን የለውም፤ ውስጡ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው የሚሽከረከረው። ጫፎቹ ላይ ቀጫጭን ማሸጊያ አለ። ማርሚታው ሲሰፋ ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚነፋው አየር ይበዛል። ለዚያ አየር የሚበቃ ቤንዚን ካልገባ ማሸጊያዎቹ ብትንትናቸው ይወጣል። ቤንዚኑን የምትጨምረው ይቺ ሳጥን ናት። ሁለቱ አብረው ነው የሚገጠሙት፣ ገባህ? ቅዳሜ ከሰዓት አምጣት።»

«ሰው ላይስ ይፈነዳል?» አለች ሚስትየዋ።

«ኧረ እህቴ፣ ሰው ምን በወጣው! ሞተሩ ነው የሚሞተው። ትንተፋተፍና ትቆማለች፤ አለቀ።»

«እስቲ ድገምልኝ» አለ ባልየው።

መካኒኩ ደገመለት።

«አንዴ ደግሞ።»

«ምነው፣ ጆሮህን ምን ነካው?» መካኒኩ ሳቀና ሦስተኛ ጊዜ ነገረው። ሚስትየዋ አንገቷን ነቀነቀች። ይህን ያህል ተነግሮት የማይገባው ሰው፣ ያን ሁሉ ፍጥነት እንዴት ሊይዘው ነው?

ቅዳሜ ጠዋት የልጅቷን ገላ ስታጥብ ከግቢው ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማች። ልጅቷን በፎጣ ጠቅልላ ወጥታ አየች። ባልየው ከመኪናዋ ሥር ተኝቷል፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

«ከሰዓት መካኒኩ ጋ አልነበር እንዴ?»

«ማርሚታውን ራሴ ገጠምኩት። አንዴ ዞር ብዬ ልሞክራት።»

ጥይቱ በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ ተቀምጧል። «እንዲህ ነው ወንድ!» አለ። «ወገቤ ባይሆን አብሬህ እሄድ ነበር። ደህና አድርገህ ርገጣት!»

ባልየው የልጅቷን ግንባር ሳመ። መኪናዋ ጋ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ደግሞ ሳማት። ከዚያ መኪናዋ እያጓራች ወጣች፤ የጎረቤት መስኮት ሁሉ ተርገፈገፈ።

ሚስትየዋ ዳይፐር ልታወጣ መደርደሪያውን ከፈተች። ከዳይፐሮቹ ኋላ ያቺ ሳጥን አለች። ፕላስተሯ እንኳ አልተነካም።

ስልክ ደወለች። ይጠራል፤ አያነሳም። ደግማ ደወለች። አያነሳም። ልጅቷን በፎጣ እንደ ጠቀለለቻት ወደ በሩ ሮጠች።

«ጋሼ! ሳጥኗን ሳይገጥማት ሄደ! ረስቷታል!»

የጥይቱ ፊት አመድ መሰለ። ሁለቱም መንገድ መንገዱን ማየት ጀመሩ። አንድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሚስትየዋ ልጅቷን ጠበቅ ታደርጋታለች። ልጅቷ ስታለቅስ እንኳ አልሰማቻትም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጎታች መኪና መጣ። ባልየው ከሹፌሩ ጎን ተቀምጧል። በእግሩ ወረደ። አንዲት ጭረት የለችበትም።

ጥይቱ ወገቡን ይዞ ጎንበስ አለና ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ፉት ፉት ከማለት ሌላ ምንም አላለም። መካኒኩም ተጠርቶ መጣ፤ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። «በቃ፣ ለነገ አትደርስም። ዘንድሮን እርሷት።»

«ነገ ሊሆን ዛሬ!» ጮኸ ጥይቱ። «አንተ ደንቆሮ! አንዲት ሳጥን ትረሳለህ? ምን ብዬ ነው ሰው ፊት የምቆመው?»

ባልየው አንገቱን ደፍቶ ተሰደበ። ጥይቱ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ፤ መካኒኩም ተከተለው።

ያኔ ነው ሚስትየዋ ለቅሶዋን የለቀቀችው።

«ሦስት ጊዜ ነገረህ እኮ! ሦስት ጊዜ! ጭረት የማታሳልፍ ሰው፣ ይህን እንዴት ትረሳለህ? አንድ ነገር ብትሆንስ?»

ባልየው እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ጥፍሩ ሥር ያለውን ቅባት ሳይቀር። ልጅቷን ከእቅፏ ተቀበላት። ጥይቱ መራቁን በበሩ ሽንቁር አየ።

«ማን ረሳ አለሽ?» አላት።